ናፊሳ መሪ የጨበጠችበት ዓረፋ

ሞተርሆሙ ሲገዛ ናፊሳን ያማከራት ሰው አልነበረም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1986፣ ሰመር ሲገባ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሲያትል ውስጥ ሬኒየር ቢች በሚባለው ሠፈር በተከራዩት ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ረጅም መኪና ቆሞ አገኘች። ግማሽ አካሉ አስፋልት ላይ፣ ግማሹ ሣር ላይ ነው። መስኮቶቹ መጋረጃ አላቸው፤ ከኋላው ወደ ጣራው የሚያስወጣ የብረት መሰላል ተገጥሞለታል። በሩን ከፍታ ስታይ ባሏ ዓብዱልሀሚድ ውስጡ ካለው የጋዝ ምድጃ ፊት ቆሞ እሳቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። የስምንት ዓመት ልጃቸው ሳዲያ ከሾፌሩ ወንበር በላይ ባለው አልጋ ላይ ተንጋላ ትስቃለች።

“ቤት ነው፤ ግን ይሄዳል” አላት ዓብዱልሀሚድ።

ናፊሳ ፍሪጁን ከፈተች፣ ዘጋች። ሽንት ቤቱን አየች። ከዚያ ወርዳ ዙሪያውን ዞረችው። የኋላው ጎማ ከሾፌሩ ወንበር ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከጎማውም በኋላ ምን ያህል አካል ተንጠልጥሎ እንደቀረ በእርምጃዋ ለካች።

ዓብዱልሀሚድ ግዴለሽ ሰው አልነበረም። የደሴ ልጅ ነው። ካርቱም ላይ ከናፊሳ ጋር ተዋውቀው፣ እዚያው ተጋብተው፣ ሳዲያን ወልደው ነው ሲያትል የገቡት። ዴ ሞይን አካባቢ ባለ የኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፤ መንገደኞች ትተው የሚበሩትን መኪና እየተረከበ ፓርክ ማድረግ ነው ሥራው። ስለዚህም ያልነዳሁት የመኪና ዓይነት የለም ይል ነበር። እውነቱን ነው። ሁሉንም የነዳው ግን ሜዳ ላይ፣ ከአጥር እስከ አጥር ነበር።

ሞተርሆም የፈለገውም ለመዝናናት ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ልባቸው አምኖ የሚገዙበት የሀላል ሥጋ ቤት አላገኙም። ስለዚህ ለዓረፋ ጥቂት ቤተሰቦች እየተባበሩ ተራራውን ተሻግረው፣ ኤለንስበርግ አጠገብ ካለ አንድ በግ አርቢ ዘንድ ሄደው፣ በራሳቸው እጅ አርደው ይመለሳሉ። ባለፈው ዓመት ሥጋውን በትንሽ መኪና ጭነው ሲመለሱ ሙቀቱ አበላሽቶባቸው ግማሹን መጣል ግድ ሆኖ ነበር። ለበዓል የታረደ ሥጋ ተጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ማየቱ ለዓብዱልሀሚድ ዓመቱን ሙሉ አልወጣለትም። ጡረታ የወጣ አንድ ጎረቤታቸው አሮጌ ሞተርሆሙን ሊሸጥ ነው ሲባል መጀመሪያ የጠየቀው ፍሪጁ ይሠራ እንደሆነ ነው። ስለ ፍሬኑ አልጠየቀም።

የመጀመሪያው ሳምንት አልቀናቸውም። ዓብዱልሀሚድ ከደጃፋቸው ሲወጣ መሪውን ቶሎ ጠመዘዘውና፣ ያ ከጎማው ኋላ የተንጠለጠለው አካል ወደ ጎን ተወርውሮ የማዶውን ጎረቤት የፖስታ ሳጥን ከነእንጨቱ ነቀለው። ሰውዬው ወጥቶ ሳቀ፤ ዓብዱልሀሚድ ግን ጆሮው ድረስ ቀላ። በዚያው ቀን እንጨት ገዝቶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሳጥኑን መልሶ ተከለው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ባዶ የመኪና ማቆሚያ እየፈለገ ሲዞር፣ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ሲቆም ከረመ። ውኃው በየት እንደሚሞላ፣ ቆሻሻው በየት እንደሚወርድ፣ የጋዙ ሲሊንደር እንዴት እንደሚዘጋ አንድ በአንድ ተማረ። ፍሪጁ መኪናው ወደ ጎን አዘንብሎ ከቆመ እንደማይሠራ ያወቁትም አንድ ጋሎን ወተት ካበላሸባቸው በኋላ ነበር።

ናፊሳም መንዳት ትችል ነበር። የምትሠራው የዝናብ ልብስና ስሊፒንግ ባግ የሚሰፋበት ፋብሪካ ነው። የፋብሪካው ፈረቃ ከአውቶቡሱ ሰዓት ጋር አልገጥም ሲላት ያለፈው ዊንተር መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ያስተማረቻት አጠገቧ የምትሰፋው የምሥራች ናት፤ እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ በትንሽ መኪናዋ የከተማውን ዳገትና ቁልቁለት ስታስወጣት ስታስወርዳት ከረመች። የምሥራች ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ መውረድ አትወድም። ማርሹን ዝቅ አድርጊና ሞተሩ ራሱ ይያዘው እያለች ትነዘንዛት ነበር። ናፊሳ ሞተርሆሙንም ልሞክረው ብላ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠይቃለች። ዓብዱልሀሚድ ግን ኦኬ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልልመደው እያለ አሳለፈው። እሷም ልመናውን አልወደደችውምና ተወችው።

የዓረፋ ዕለት ጠዋት ሶላቱ በተከራዩት አዳራሽ ተሰገደ። ሰው ተቃቅፎ እንኳን አደረሰህ ሲባባል ዓብዱልሀሚድ ቁልፉን በእጁ ይዞ ይቁነጠነጣል። ከእነሱ ጋር የሚሄዱት ሼህ ዓብዱሰላም ናቸው። በማኅበረሰቡ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ፣ ወሎ ሳሉ ጨርቅ ነጋዴ የነበሩ፣ አሁን ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። የሚያርዱት እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው ሌላ እንዲያርድ ማንም አይፈልግም። የበጎቹ ባለቤት የሆኑት ቤተሰቦች ከሰዓት በኋላ ናፊሳ ቤት ጓሮ እንዲሰበሰቡ ተቃጠሩ።

ሲሄዱ ምንም አልገጠማቸውም። ዳገቱ ላይ ሞተሩ አለከለከ፣ ከባድ መኪኖች ሳይቀሩ እያለፏቸው ሄዱ፤ ግን ደረሱ። ከተራራው ወዲያ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሣሩ ቢጫ ነው። ሼህ ዓብዱሰላም እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቢስሚላህ ብለው እያረዱ፣ ዓብዱልሀሚድ እየገፈፈ፣ ናፊሳ እየበለተች ሥራው ሳይታሰብ አለቀ። ሥጋው በየቤተሰቡ ተለይቶ፣ ከፊሉ ፍሪጅ ውስጥ፣ የቀረው በረዶ በተሞሉ ሣጥኖች ሆኖ ጠረጴዛው ሥር ተደረደረ። መኪናው በመጣበት ክብደት አልነበረም የሚመለሰው። ይህን ያን ጊዜ ያሰበው ሰው የለም።

መልሱ ላይ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው መርፌ ወደ ቀዩ ስለተጠጋ ዓብዱልሀሚድ ሁለት ጊዜ እየቆመ ሞተሩን አበረደው። ስኖኳልሚ ፓስ፣ የተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግንባሩን ጠረገና ዘና አለ። ከዚህ በኋላ ዳገት የለም፣ መኪናዋ ራሷ ትወርዳለች አለ። ሼህ ዓብዱሰላም አልሐምዱሊላህ አሉ። ናፊሳ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ነበረች፤ ሳዲያ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ሥዕል ትቀባለች።

ቁልቁለቱ ሲጀምር መኪናው በእርግጥም ራሱ ወረደ። ዓብዱልሀሚድ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ረገጠ። ትንሽ ቆይቶ አሁንም ረገጠ። ከዚያ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ጨርሶ አላነሳም። ናፊሳ እግሩን አየችና የምሥራች ትዝ አለቻት፤ ግን ዝም አለች። ባሏ መሪ ላይ ሳለ የሰው ምክር እንደሚያስቆጣው ታውቃለች፤ ከኋላ ደግሞ ሼሁ ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። የተቃጠለ ጎማና የጋለ ብረት የተቀላቀለበት መጥፎ ሽታ። ናፊሳ የምድጃው ጋዝ መሰላትና ቀበቶዋን ፈትታ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ወደ ኋላ ሄደች። የምድጃውን ቁልፎች ነካካች፤ ሁሉም ተዘግቷል። ጎንበስ ብላ ሲሊንደሩ ባለበት በኩል አሸተተች፤ ምንም የለም። ሼህ ዓብዱሰላም መስኮቱን ከፈት አድርገው አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አወጡ።

“ሽታው ከውጭ ነው፤ ከጎማው ነው የሚመጣው ልጄ” አሉ።

በዚህ ጊዜ ዓብዱልሀሚድ ስሟን ጠራ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ናፊሳ በኋላ ስትናገር ያስፈራኝ እሱ ነው ትላለች፤ ተቆጥቶ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዞራ ስታይ እግሩን እየደጋገመ ይረግጣል፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሄዳል፤ መኪናው ግን አይሰማም።

“ፍሬን የለም” አላት።

ሳዲያን ከወንበሯ አንስታ መሬት ላይ፣ በፍሪጁና በጠረጴዛው መሃል አስቀመጠቻትና ሼሁ እንዲይዟት ነገረቻቸው። ሳዲያ በእንግሊዝኛ ምን ሆነ እያለች መጠየቅ ጀመረች። ናፊሳ ወንበሮቹን እየጨበጠች ወደ ፊት ስትመለስ መኪናው ፍጥነት ጨምሯል። በፊት መስታወቱ መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ታየ። ከኩርባው ወዲያ ደግሞ የመኪኖች ቀይ መብራት ተደርድሯል፤ ከፊት ያለው መንገድ ተጨናንቆ መኪኖቹ እየቆሙ ነው።

የዓብዱልሀሚድ ሁለት እጆች መሪው ላይ ተጣብቀዋል። የማርሹ ዘንግ ከመሪው ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ እጁን ቢያነሳ ይደርስበታል፤ ግን እጁን ማንሳት አልቻለም። ናፊሳ ተንጠራርታ ዘንጉን ያዘችና ወደ ታች ጎተተችው። ሞተሩ ጮኸ። መኪናው እንደ ተመታ እንስሳ ወደ ፊት አጎነበሰ፤ ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ ድስቶች ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ፍጥነቱ ግን ቀነሰ። አንዴ ደገመችና እስከ መጨረሻው አወረደችው።

“ወደ ዳር አውጣው። ወደ ዳር” አለችው።

እሱም አወጣው። የቀኝ ጎኑ ከመንገዱ ዳር ያለውን የብረት አጥር ነካ፤ ብረት ከብረት ሲፋቅ የሚሰማው ጩኸት ጭንቅላት ይሰነጥቃል። የጎኑ መስታወት ተሰበረ፤ መጋረጃው ተቀዶ በመስኮቱ ወጣ። ናፊሳ ጎንበስ ብላ የእጅ ፍሬኑን ባላት ኃይል ሁሉ ሳበችው። መኪናው ጠጠሩ ላይ ተንገዳግዶ፣ ተንሸራቶ፣ ቆመ። ከፊታቸው የመጨረሻዋ የቆመች መኪና ውስጥ ያሉት ልጆች በኋላ መስኮት ዞረው ያዩዋቸዋል። ያን ያህል ነበር የቀራቸው።

ከአራቱም ጎማ ጭስ ይወጣል። ናፊሳ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሄደች። ሼህ ዓብዱሰላም ጀርባቸውን ለፍሪጁ ሰጥተው፣ ሳዲያን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የልጅቷ ፀጉር ላይ የተሰበረ መስታወት አለ፤ አንድም ቦታ ግን አልተቆረጠችም። ሁለቱንም በበሩ አወረደቻቸውና ከአጥሩ ወዲያ፣ ዛፎቹ ሥር አስቀመጠቻቸው። ዓብዱልሀሚድ ግን ከሾፌሩ ወንበር አልወረደም። ገብታ ጣቶቹን ከመሪው ላይ አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባት።

የመንገድ ፖሊስ ደረሰ። ወጣት አይደለም፤ ሪዙ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጎማዎቹን ዞሮ አየ፣ እጁን አስጠግቶ ሙቀቱን ለካና ለናፊሳ አስረዳት። ፍሬኑ አልተሰበረም፤ ግሎ ዘይቱ ስለፈላ ነው የከዳችሁ፤ ሲበርድ ይመለሳል አላት። ይህ መኪና ከነጭነቱ የዝሆን ያህል ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዘውት አይወርዱም፤ ከመነሻው ዝቅተኛ ማርሽ ውስጥ ይገባል፤ ፍሬን ሲያስፈልግ ጠንከር አድርገው ይረግጡና ይለቃሉ፣ ይረግጡና ይለቃሉ፣ እንዲነፍስ። የምሥራች ስትነዘንዛት የከረመችው ነገር ነበር።

እዚያው ጠጠሩ ላይ ተቀምጠው እስኪበርድ ጠበቁ። ፖሊሱ ከሥር ገብቶ አየው፤ ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠው፤ ጠንክሯል። ከዚያ ጎታች መኪና ልጥራላችሁ ወይስ ትነዱታላችሁ ብሎ ጠየቀ። ጎታቹ ዛሬ ከተራራው ማዶ ሌላ አደጋ ላይ ስለሆነ ማታ ነው የሚደርሰው። ናፊሳ ወደ በረዶው ሣጥኖች አየች። መኪናው ዳር ላይ አዘንብሎ ስለቆመ ፍሪጁ መሥራት አቁሟል። በረዶው ግማሹ ውኃ ሆኗል።

ዓብዱልሀሚድ አጥሩ ላይ ተቀምጧል። እጆቹን ጭኖቹ መሃል አስገብቶ ጨምቋቸዋል። አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

“አልችልም” አላት ቀና ሳይል። “እግሬን ሳስበው ይከዳኛል። እንደገና ብገባ ሁላችሁንም እገድላችኋለሁ።”

“እኔ እነዳዋለሁ።”

“አንድም ቀን ነድተሽው አታውቂም እኮ።”

“አላስነዳኸኝም” አለችው።

ናፊሳ ፖሊሱን ልጅቷንና ሽማግሌውን በመኪናው እንዲያወርድላት ለመነችው። እሺ አለ፤ እንዲያውም መብራቱን አብርቶ ከኋላዋ እየተከተለ ሌሎች መኪኖችን እንደሚያርቅላት ነገራት። ሼህ ዓብዱሰላም ግን ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ናፊሳ ለመነቻቸው። ይውረዱ፣ እንደ አባት ይስሙኝ፣ አንቱን ይዤ ከምጨነቅ ብቻዬን ብጨነቅ ይሻለኛል አለቻቸው።

“ሥጋው የሰው አደራ ነው” አሏት። “በእኔ ስም ነው የተሰጠኝ። እሱን ጥዬ በፖሊስ መኪና ስገባ ሰው ምን ይለኛል? አንቺ መንገዱን እዪ። እኔ አልናገርሽም።”

ሳዲያ ደግሞ ብቻዬን ከፖሊስ ጋር አልሄድም ብላ አለቀሰች። አይ ዋንት ማይ ዳድ እያለች የዓብዱልሀሚድን ሱሪ ያዘች። ናፊሳ ባሏን አየችው። አንዳችን ከእሷ ጋር መሆን አለብን አለችው። ምን ማለቷ እንደሆነ ሁለቱም ገብቷቸዋል፤ ምንም ቢፈጠር ልጅቷ አንድ ወላጅ ይተርፋታል ማለቷ ነው። ዓብዱልሀሚድ ሳዲያን አቅፎ ወደ ፖሊሱ መኪና ሄደ። በሩን ሲዘጋ ወደ ናፊሳ አልዞረም።

ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችው፤ እግሯ እንዲደርስ ጀርባዋ ላይ ትራስ አደረገች። ስፖኪዮዎቹን አስተካከለች፤ የቀኙ ተሰንጥቋል። ዝቅተኛውን ማርሽ አስገባች። የእጅ ፍሬኑን ስትለቅ መኪናው ወዲያው መንቀሳቀስ ጀመረ። ሼህ ዓብዱሰላም ከጎኗ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ሞተሩ እያጓራ ወረደች። ፍጥነቷ ከምታስበው በታች ነበር። መኪኖች በግራዋ እየጮሁባት ያልፋሉ፤ አላየቻቸውም። መኪናው ከገመተችው በላይ ሰፊ ነው፤ ከአጥሩ ስትሸሽ የግራውን መስመር ትረግጣለች፤ ከመስመሩ ስትሸሽ አጥሩ ይጠጋታል። ረገጠች፣ ለቀቀች። ፔዳሉ እግሯ ሥር ጠንካራ ሆኖ ሲመልስላት እፎይ ትላለች፤ ከዚያ ደግሞ የሚቀጥለው ኩርባ ይመጣና ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል። አንድ ተሳቢ የጎተተ ከባድ መኪና ሲያልፋት ንፋሱ ሞተርሆሙን ወደ አጥሩ ገፋው። መሪውን ወደ ግራ ስትመልስ በዛባት፤ መኪናው ወዝወዝ አለ፤ የኋላው ጭነት ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ፍሬኑን ልትረግጠው እግሯን አነሳችና ተወችው። መሪውን ብቻ ቀጥ አድርጋ ያዘችው። ውዝዋዜው ቀስ በቀስ ተወ።

ትንሽ ቆይቶ ያ ሽታ እንደገና መጣ። ሳሳ ያለ ነው፤ ግን መጣ። ናፊሳ ወደ ሼሁ በዐይኗ ጥግ አየች። እሳቸውም ሸቷቸዋል፤ ጣታቸው መቁጠሪያው ላይ ቆሟል። ቃላቸውን ጠብቀው ግን ምንም አልተናገሩም። ናፊሳ ከፊቷ አንድ ሰፋ ያለ የመንገድ ዳር አየችና ሳትጣደፍ ወጥታ ቆመች። የእጅ ፍሬኑን ስባ እጇን ከመሪው ስታነሳ የመዳፏ ላብ እዚያው ቀረ። ፖሊሱ ከኋላዋ ቆመ። ወርዶ ጎማዎቹን ነካና ደህና ነው፣ መቆምሽ ግን ጥሩ ነው አላት። በፖሊሱ መኪና መስታወት ውስጥ የዓብዱልሀሚድ ፊት ይታያል። እጁን አላነሳም፤ እሷም አላነሳችም። ትንሽ አበረዱትና ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ እየሰፋ፣ ቁልቁለቱ እየለዘበ ሄደ። ዛፎቹ አልቀው ኖርዝ ቤንድ ከተማ ሲታይ ናፊሳ አላመነችም። አንድ ቤንዚን ማደያ ዳር አቁማ ሞተሩን ስታጠፋ ጆሮዋ ጭው አለ። ሼህ ዓብዱሰላም መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

“በሕይወቴ እንደዛሬ አንደበቴን ይዤ አላውቅም” አሏት።

ሳዲያ እየሮጠች መጥታ ወገቧን አቀፈቻት። ዓብዱልሀሚድ ቀስ ብሎ መጣ። ምን እንደሚላት ያላወቀ ሰው ይመስላል። በመጨረሻ፣ ከኋላ ሆኜ ያንቺን የፍሬን መብራት ብቻ ሳይ ነው የወረድኩት አላት፤ ሲበራም ሳይበራም እሞት ነበር አላት። ናፊሳ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው፤ ማደያው ግድግዳ ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

አጠገቡ ያለው ጋራዥ መካኒክ ፍሬኑን አየና ሜዳውን ቀስ ብላችሁ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ ግን ሳይጠገን ወደ ተራራው አትመልሱት አለ። ናፊሳ በቤልቪው በኩል፣ በሐይቁ ላይ ባለው ድልድይ አቋርጣ፣ ከሥራ በሚመለሰው ሕዝብ መሃል እየተጋፋች ነዳችው። ሬኒየር ቢች ሲደርሱ ሰው ጓሮው ሞልቶ፣ ስልክ ደውሎ፣ ሆስፒታል ልንጠይቅ ነው እስኪል ድረስ ተጨንቋል። በረዶው አልቆ ነበር፤ ሥጋው ግን ደህና ነው። ሴቶቹ ተቀብለው ወደ እሳቱ አስገቡት።

ሰው በልቶ ሲረጋጋ ጎኑ የተፋቀውን ሞተርሆም እየዞረ ማየት ጀመረ። ፍሬን ከድቷቸው እንደነበር ተሰምቷል። አንድ ጎልማሳ የዓብዱልሀሚድን ትከሻ መታ መታ አድርጎ አንተ ጀግና ነህ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ገደል ይከታቸው ነበር አለው። የተቀመጡት ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ናፊሳ ሳህን እያነሳች ነበር፤ እጇ ላይ ያለውን እንደያዘች ቆመች። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ሼህ ዓብዱሰላም ደግሞ ሰው ፊት እንደማያሳፍሩት ታውቃለች።

“እኔ አይደለሁም” አለ ዓብዱልሀሚድ። “እኔ ፍሬኑን አቃጥዬ፣ እጄ ደርቆ ነበር። ማርሹን ያወረደችው እሷ ናት። ከተራራው ይዛው የወረደችውም እሷ ናት፤ እኔ በፖሊስ መኪና ነው የወረድኩት።”

አንዳንዱ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፣ ከዚያ ተወው። ናፊሳ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ቤት ገባችና አንድ በአንድ ማጠብ ጀመረች።

ፍሬኑ ተጠገነ፤ ጎኑ ግን እንደተፋቀ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሞተርሆሙን ሁለቱም ይነዱት ነበር፤ ተራራ ሲሆን ግን መሪው የናፊሳ ነው። ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም፤ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ዓብዱልሀሚድ ዳር ያቆምና ይወርዳል፣ እሷ ትገባለች። ለሰርግ ወደ ፖርትላንድ፣ ለለቅሶ ወደ ስፖካን ሰው ጭና የሄደችበት ጊዜ ብዙ ነው። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ከተቀነሱት አንዷ ነበረች። የተማሪ አውቶቡስ ሾፌር ይፈለጋል ሲባል ሄዳ ተፈተነች፤ ፈታኙ ከዚህ በፊት ትልቅ መኪና ነድተሽ ታውቂያለሽ ወይ ሲላት አዎ አለችው። አለፈች።

በሁለተኛው ዓመት ዓረፋ ላይ ሥጋ ጭነው ሲመለሱ ስኖኳልሚ ፓስ ላይ ለማረፍ ቆሙ። ሼህ ዓብዱሰላም ሰገዱ፤ ሳዲያ አይስክሬም ገዛች። ሊነሱ ሲሉ ዓብዱልሀሚድ ከሾፌሩ በር አጠገብ ቆሞ ናፊሳን ጠበቃት።

“ዛሬ እኔ ላውርደው” አላት።

ናፊሳ ፊቱን አየች። ቁልፉን ሰጠችውና ከጎኑ ልትቀመጥ ነበር፤ ግን ሐሳቧን ለወጠች። ወደ ኋላ ሄዳ ከሳዲያ ጋር ጠረጴዛው ዘንድ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀመጠች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ማርሹ ዝቅ ሲል ሰማች፤ ሞተሩ አጓራ። ፍሬኑ ሲረገጥና ሲለቀቅ በሰውነቷ ይታወቃት ነበር። በየኩርባው ላይ ዞራ ለማየት አንገቷ ይሳባል፤ አልዞረችም። ያን ተራራ ራሴ ስወርድ እንደዚያ ቀን አልደከምኩም ትላለች። ለሳዲያ ብርቱካን ላጠችላት። ከዚያ ሌላ ላጠች። ልጅቷ ማም፣ አይ አም ፉል፣ ጠግቤያለሁ ብላ እስክትገፋው ድረስ መላጧን አላቆመችም።